እምቦሳ እሰሩ

ከጅቡቲ በተነሣው ባቡር ውስጥ ወንድሜ ራሱን ከመስኮቱ ክፈፍ አስደግፎ፣ ዓይኑን ከበረሃው ሳይነቅል፣ «ቤቱ ያንቺ ነው» አለኝ። «እኔ የማውቀው መጻፍና መተርጎም ነው። ግድግዳውን የምታሳድሺ፣ ጣራውን የምታስጠግኚ፣ የመጣውን ሰው የምትቀበዪ አንቺ ነሽ። እመቤቲቱ አንቺ ነሽ።»

ይህን ቃል አዲስ አበባ እስክንገባ በልቤ ስደጋግመው መጣሁ። ከዚያ በፊት የእኔ የምለው ቤት ኖሮኝ አያውቅም። እናትና አባታችን ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ከሸዋ ወጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎች ነበሩ፤ የኖርነውም መነኮሳቱ ባስጠጉን፣ ግድግዳውም ጣራውም ድንጋይ በሆነ ቤት ውስጥ ነው። ቤይሩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስማር ደግሞ የነበረኝ አንድ አልጋና አንድ ሣጥን ነው። ወላጆቻችን ካረፉ በኋላ የእናታችን ወንድም፣ ልጅ ሳይተካ፣ ሞተና አራዳ ያለውን ቤቱን ለእኛ ተወልን። ጋሼም (ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው) እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ተርጓሚ ሆኖ ተቀጠረ። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ነበርና አብሬው መጣሁ። ያገኘን ሰው ሁሉ «አገራችሁ ገባችሁ» ይለን ነበር። ለእኔ ግን አማርኛ የሚነገርበት የሰው አገር ነበር።

ቤቱ ከአራዳ ገበያ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ፎቅ ነው፤ ታቹ የድንጋይ፣ ላዩ የእንጨትና የጭቃ። ተዘግቶ ክረምት ስላለፈበት ቆርቆሮው ዝጓል፣ የበረንዳው ጣውላ በስብሷል፣ የግድግዳው ምርጊት በየቦታው ተልጦ ማገሩ እንደ ከሳ ፈረስ ጎድን ይታያል። ኮርኒስ ሆኖ ከጣራው ሥር የተወጠረው አቡጀዲ ዝናብ ጠጥቶ ወደ ታች ተቆዝሯል። ጋሼ በዱላ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ተተረተረና የዘመናት አቧራ ከነአይጥ ጎጆው በላያችን ወረደ። ፊታችን አመድ መስሎ እርስ በርስ እየተያየን ሳቅን። በዚያ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆነን እንዲያ የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ስለሆነ በደንብ አስታውሰዋለሁ።

ላይኛውን ክፍል ለራሴ መረጥሁ። ወረቀት ዘርግቼ ቤቱን በመጠኑ ሣልሁት። ክፍሉ ጨለማ ነበርና በወንዙ በኩል መስኮት ቢወጣለት ጥሩ ብርሃን እንደሚያገኝ አሰብሁ፤ መስኮቱንም በሥዕሉ ላይ አስገባሁት። አናጢው ሥዕሉን አገላብጦ አየና «ይሆናል» አለ። ከዚያ በላይ ከእርሱ ጋር የተነጋገርሁት ጥቂት ነው። አንድ ነገር ላዝዘው ቃሌን አዘጋጅቼ እወርድና ፊቱ ስቆም «እንደ ወደድህ አድርገው» ብዬ እመለሳለሁ። ሠራተኞቹ ድምፄን ለመስማት ወደ እኔ ጎንበስ ሲሉ ድምፄ ይብሱን ያንሳል። ቢሆንም ቤቱ የእኔ ነበር። ማታ ማታ ጋሼ ሲመለስ የተሠራውን እያዞርሁ አሳየዋለሁ፤ እርሱም «ደግ አድርገሻል» ይለኛል። ያ ይበቃኝ ነበር።

ልብስ ሰፊዋን ያመጣት አናጢው ነው። ለኮርኒሱ የሚሆነውን አዲስ አቡጀዲ ክፍሉን እንዲያክል ገጣጥሞ የሚሰፋ ሰው ያስፈልግ ነበር። እሪ በከንቱ ሠፈር የምትኖር፣ ባሏን የፈታች፣ ከአባቷ በወረሰችው የእጅ ስፌት መኪና የምትተዳደር ሴት ናት። ዕድሜዋ ከጋሼ ጋር ይቀራረባል። መኪናውን እንደ ልጅ በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ በጓሮ በር ገባች።

ከቤታችን በለመድሁት ሰላምታ ተቀበልኋት። «እንደምን አደርሽ። እግዚአብሔር በቸርነቱ ይጠብቅሽ፣ ድካምሽን ይቁጠርልሽ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «አሜን፣ እማሆይ» አለች። «ቆቡን የት ጣሉት?»

አናጢው መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ። ጋሼም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እማሆይ» ሆንሁ። አማርኛዬን የተማርሁት ከእናቴና ከመነኮሳቱ ነው፤ ሰው ሲያናግረኝ መልሱን በልቤ አስተካክዬ እስካወጣው ድረስ ነገሩ አልፎ ሌላ ነገር ይነሣል። እርሷ ግን ሰው አፉን ሳይዘጋ መልሱን ታቀብለዋለች። መጀመሪያ የቀናሁባት በዚህ ነው። ድልድዩ ላይ ከሻጮቹ ጋር ስትተራረብ፣ በገበያው መካከል በስሟ ሲጠሯት፣ እርሷም ዞር ሳትል መልሳ ስትሳደብና የተሰደበው ሰው ደስ ብሎት ሲቀር አይቻለሁ። እኔ በዚያው መንገድ ሳልፍ ሰው ገለል ይልልኛል፤ እንደ እንግዳ።

ለስፌት የመጣች ሴት ስፌቷን ብቻ ብትሠራ ጥሩ ነበር። ቀስ በቀስ አናጢው ጥያቄውን ለእርሷ ማቅረብ ጀመረ። «ይህን በር ወደ ውስጥ ይከፈት ወይስ ወደ ውጭ?» ሲል እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «ወደ ውጭ ከተከፈተ ነፋሱ ነቅሎ ዶሮ ማነቂያ ያደርስልሃል» ትለዋለች። እውነቷን ነበር፤ በሩ ወደ ውስጥ እንዲከፈት ሆነ። እኔም ልል ያሰብሁት ያንኑ ነበር። እናቴ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ትል ነበር። ይህ ተረት በየቀኑ ትዝ ይለኝ ጀመር።

ለግድግዳው የሚሆነው ጭቃ በግቢያችን ጥግ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ከጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል። እስኪበስል ይሰነብታል፤ ሲሰነብት ይሸታል። የድንጋይ አገር ልጅ ነኝና ሽታውን አልለመድሁትም፤ ጉድጓዱን የማየው ከበረንዳው ላይ ሆኜ፣ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ነው። አንድ ቀን ጋሼ ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ ከረጋጮቹ አንዱ ቀርቶ ኖሮ፣ ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ወደ ላይ ሸብ አድርጋ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታለች። ጋሼ ኮቱን እንደ ለበሰ ጠርዙ ላይ ቆሞ ያያት ጀመር።

«ጌታዬ፣ ተርጓሚ ነዎት አሉ» አለችው።

«ነኝ።»

«እንግዲያው ይግቡና ለዚህ ጭቃ ‹ግድግዳ ሁን› ብለው ይተርጉሙለት። እኔ ብነግረው እምቢ አለኝ።»

ጋሼ በሰው ፊት ጫማውን የሚያወልቅ ሰው አልነበረም። አወለቀ። ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ሠራተኞቹ እያጨበጨቡ ዘፈኑለት፤ እርሱም እግሩን እያነሣ ሲጥል ጭቃው ሸሚዙ ላይ እየተረጨ ይስቃል። አንድ ጊዜ ተንሸራተተና ክንዷን ያዘ።

«ቀስ በል፣ ትወድቃለህ» አለችው።

ቅድም «ጌታዬ» ነበር፣ «እርስዎ» ነበር። ከሠራተኞቹ ልብ ያለው የለም። ጋሼም ልብ አላለውም፤ ወይም ልብ ብሎት ዝም አለ። እኔን ማንም ነይ አላለኝም። ቢሉኝም አልገባም ነበር፤ ግን አላሉኝም። እንደዚያ ሲስቅ ከልጅነታችን ወዲህ አይቼው አላውቅም። የሚያስቀው ደግሞ የሚሸተው ጭቃ ነው። በእርሷ ብቻ አይመስለኝም፣ በጭቃውም ቀናሁ።

ግድግዳው ተመረገ፣ ደረቀ፣ ኖራ ተቀባ። መስኮቴም ወጣ። አናጢው ቀዳዳውን የጋረደበትን ጣውላ ነቅሎ መስተዋቱን ባስገባበት ቀን ከወንዙ ማዶ ያለው ሰማይ እንዳለ ወደ ክፍሌ ገባ። ወለሉ ላይ ያረፈው ብርሃን አራት ማዕዘን ሆኖ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ሲሄድ ተቀምጬ ተመለከትሁት። የዚያን ዕለት ልብስ ሰፊዋም የክፍሉን አቡጀዲ ሰፍታ ጨርሳ ነበርና ከአናጢው ጋር ወጥረው ቸነከሩት። ጋሼ ሲመጣ እጁን ይዤ በደረጃው አወጣሁትና መካከል ላይ አቁሜ ዝም አልሁ። ራሱ እንዲናገር ፈልጌ ነበር።

ወደ ላይ አንጋጠጠ። «ስፌቱን አየሽው?» አለኝ። «መጋጠሚያው የት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። እጇ የተባረከ ነው።»

ስፌቱን ያየበት ብርሃን የገባው በእኔ መስኮት ነበር። አልነገርሁትም።

ቤቱ ሲያልቅ ጎረቤቶቻችንን ለመጋበዝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀጠረ። የታችኛው ክፍል ኮርኒስ ገና በግማሽ የተወጠረ ነበር፤ ጋሼ ግን «ምግብ የሚበላ ሰው አንጋጦ አያይም» አለ። ለዚያ ቀን ብዙ አስቤበት ነበር። ልብስ ሰፊዋና ሌሎች ሴቶች በጓዳ ይሠራሉ፤ እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ሰው እቀበላለሁ። የእናቴን ጥልፍ ቀሚስ ለበስሁ። ጋሼ በባቡር የተናገረውን ሰው ሁሉ የሚያየው ዛሬ ነው ብዬ አሰብሁ።

መጀመሪያ የመጡት አሮጊቷ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤቱን የመጀመሪያው ምሰሶ ከቆመበት ቀን ጀምሮ ያውቁታል። ቅቤ የሞላበት ቅል በነጠላቸው ሥር ይዘዋል። ከደጃፉ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቤት ለእምቦሳ!» አሉ።

ስለ የትኛው እምቦሳ እንደሚናገሩ አልገባኝም። ፈገግ ብዬ እጅ ነሣሁ። አሮጊቷ ግን አልገቡም። ከበሩ ደፍ ወዲያ ቆመው ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ። ከኋላቸው ሌሎች ሰዎች ደርሰው እነርሱም ቆሙ። ምን እንደሚጠበቅብኝ ስላላወቅሁ ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርሁ።

«እምቦሳ እሰሩ!»

ድምፁ የመጣው ከኋላዬ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሳህን ይዛ ከጓዳ ወጥታ ነበር። የአሮጊቷ ፊት በራ። በአጠገቤ አልፈው ገቡና ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት።

«ቤቱን የልጅ ጩኸት ይሙላልሽ፣ ልጄ። እሳቱ አይጥፋብሽ» ብለው ቅሉን እጇ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር አሉ። «ይህችስ የማን ልጅ ናት?»

«የጌታው እህት ናት፣ ከኢየሩሳሌም የመጣች» አለ አናጢው።

«አዬ፣ እንግዳ ናት በለኛ።» ክንዴን በደግነት ያዙኝ። «ነይ ተቀመጪ የእኔ ልጅ፣ በር ላይ አትቁሚ። አትፈሪ፣ እንደ ቤትሽ ሁኚ።»

ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ያንኑ ይላል፤ እርሷም ከወዲያ ወዲህ እያለች ያንኑ ትመልሳለች። አንዱ ሽማግሌ ጋሼን «መቼ ነው እንግዲህ ነገሩ?» ብለው ሲጠይቁት ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼም እንደ እኔ ባሕር ማዶ ያደገ ነውና በር ላይ የሚባለው የገባው አይመስለኝም፤ በሽማግሌው ጥያቄ ግን ቀላና አብሮ ሳቀ።

እህል አልወርድ ሲለኝ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ሳህን ታጥብ ነበር።

«በር ላይ የሚባለው ምንድን ነው?» አልኋት።

«የቱ?»

«የእምቦሳው።»

«አያውቁትም፣ እማሆይ?» ልትስቅ አለችና ፊቴን አየች። «አዲስ ቤት የመጣ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ‹ቤት ለእምቦሳ› ይላል። ባለቤቲቱ ‹እምቦሳ እሰሩ› ስትለው ይገባል። ከብት ይታሰርበት፣ ቤቱ ይርባ ማለት ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ባለቤቲቱ...» እዚህ ላይ ቆመች። የረጠበ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አንቺ ነበርሽ መመለስ ያለብሽ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ያለችኝ ያኔ ነው።

«አላወቅሁም» አልሁ።

«ይህን የማያውቅ ሰው አለ ብዬ መቼ አሰብሁ። ዝም ስትዪ አፌ ቀደመኝ።»

«አፍሽ ሁልጊዜ እንደ ቀደመሽ ነው» አልኋት። «ወንድሜም ጋ የደረስሽ በአፍሽ ነው።»

መልሱ ሳላዘጋጀው ወጣ። የአራዳ ሰው የሚናገረው ዓይነት፣ አጭርና የተሳለ ነገር ተናገርሁ፤ በሕይወቴ አንድ ጊዜ። እርሷ ግን አልመለሰችልኝም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ለበሰች፣ በጓሮ በር ወጣች። የስፌት መኪናዋን እንኳ አልወሰደችም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የእኔ ሆነ። በየክፍሉ እየዞርሁ ወንበር አስተካክላለሁ፣ መስተዋት እወለውላለሁ። አናጢው የቀረውን ሥራ እኔን እየጠየቀ ሠራ፤ ድምፄን ይሰማ ዘንድም ጎንበስ ማለት አላስፈለገውም፤ ቤቱ ጭር ብሎ ነበርና። የታችኛው ክፍል አቡጀዲ በአንድ በኩል ተቸንክሮ በሌላው በኩል ተንጠልጥሏል። ስፌት መኪናው በነጠላ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ እራት ላይ አንድ ቀን፣

«ኮርኒሱ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ።

«አልጠየቅኋትም።»

«ታማ ይሆን?»

«አልጠየቅኋትም አልሁህ እኮ፣ ጋሼ።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። እየበላ የተንጠለጠለውን ጨርቅ አንጋጦ ያያል። በኢየሩሳሌም እንደ ነበርነው ሁለታችን ብቻ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠናል፤ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። እርሱ ግን ከእኔ ጋር ተቀምጦ ናፍቆቱ ሌላ ቦታ ነው። ሳትኖርም ከነበረችበት አልተነሣችም። ስትኖር ከቀናሁባት ይልቅ ሳትኖር ይበልጥ ቀናሁባት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ታች ተቀምጦ ሲጽፍ፣ እኔ ደረጃው ላይ ስወርድ፣ ከደጅ ድምፅ ሰማን።

«ቤት ለእምቦሳ።»

የእርሷ ድምፅ ነበር፤ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም፣ ዝቅ ያለ ነው። ሁልጊዜ የምትገባው በጓሮ በር፣ ሳታንኳኳ ነበር። ዛሬ በፊት ለፊቱ በር፣ ከደፉ ወዲያ፣ የታጠበ ነጠላ ለብሳ፣ ትንሽ ጥቅል ይዛ ቆማለች። ሠፈሩን ያቋረጠችበት ጭቃ ጫማዋ ላይ አለ። ጋሼ ብዕሩን አስቀመጠና ከወንበሩ ተነሣ። ወደ በሩ ግን አልሄደም፤ ወደ እኔ ዞረ። እርሷም የምታየው እኔን ነው።

ደረጃውን በዝግታ ወረድሁ፣ ክፍሉን አቋረጥሁ፣ ከፊቷ ቆምሁ። መንገደኞች እያዩዋት ያልፋሉ። አንዱ በስሟ ጠርቶ አንድ ነገር ተናገራት፤ እርሷ፣ መልስ የማያልቅባት፣ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ብዘጋባት ትመለስ ነበር ብዬ አስባለሁ። ደፉን ሳልነግራት እንደማትረግጠው ዓይኗ ላይ አየሁ።

«እምቦሳ እሰሩ» አልሁ።

ድምፄ ቅዳሴ ላይ እንደ ቆመ ሰው ሆኖ ወጣ። ፈገግታዋን ልትይዘው ሞከረች፣ አቃታት።

«ይባርኩኝ፣ እማሆይ» አለችና ገባች።

ጥቅሉን ሰጠችኝ። መጋረጃ ነበር፤ ሰማያዊ፣ ጠርዙ በነጭ ክር የተዘመዘመ። «ለላይኛው መስኮት ነው» አለች። «በዚህ ቤት ውስጥ ከሁሉ ያማረው እርሱ ነው። አናጢው ያንቺ ሐሳብ እንደሆነ ነግሮኛል።» ይዤው ወጣሁና ሰቀልሁት። በቁመትም በስፋትም ልክ ነበር። መቼ እንደ ለካችው አላውቅም። ከታች የስፌት መኪናው ሲዞርና ጋሼ ሲስቅ ይሰማኛል፤ እኔ መጋረጃውን ይዤ ቆሜ አለቀስሁ። ልቤ ስለ ራራ አልነበረም። በሰው ሁሉ ፊት እንግዳ ሆና ደጄ ላይ ቆማ ቤቱን ለእኔ መልሳ ሰጠችኝ፤ በእርሷ ቦታ እኔ ብሆን እንዲህ ማድረግ አልችልም ነበር። ለካ የሚያስቀና ነገር አያልቅባትም።

ጋሼና ልብስ ሰፊዋ ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። አብረን ነው የምንኖረው። ያን እሑድ ለግብዣው ሳይመጡ የቀሩ ሰዎች አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ ደጃፍ ቆመው «ቤት ለእምቦሳ» ይላሉ። እርሷ ከየትም ክፍል ብትሆን ትሰማለች። መልሱ አፏ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ እኔ ታያለች። እመልሳለሁ። ከዚያ እንግዳው ይገባና ጥቂት ሳይቆይ ከእርሷ ጋር ይሳሳቃል።

ላይኛው ክፍል ዛሬም የእኔ ነው። የሠፈሩን ሴቶች ልጆች ማንበብ የማስተምረው እዚያ ነው። ልጆቹ ሲሄዱ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ኮርኒሱን አያለሁ። ስፌቱ ጋሼ እንዳለው ነው፤ መጋጠሚያው አይታወቅም። በዓይኔ እየተከተልሁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት ጊዜ እንደ ሄድሁበት አላውቅም። ባለፈው ሰሞን ግን፣ ፀሐይዋ በመስኮቴ ዝቅ ብላ በገባችበት ሰዓት፣ ከበሩ በላይ ባለው ጥግ ክሩ አንድ ቦታ ላይ እንደ ዘለለ አየሁ። ጣት የማያስገባ ትንሽ ክፍተት ናት። ለማንም አልተናገርሁም። ማታ ማታ ግን ሳልተኛ በፊት አንድ ጊዜ አያታለሁ።